ሊሊየንታል ከመዝለሉ በፊት ለክቷል

ስለ ጀርመናዊው የበረራ ፈር ቀዳጅ ስለ ኦቶ ሊሊየንታል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ ብዙ ተነቧል። ቋንቋው ይጥማል፤ ሰውየውን ግን አዛብቶ ያቀርበዋል። ባጭሩ የሚለው ይህንን ነው፦ ሊሊየንታል በዓለም መጀመሪያ የበረረ ሰው ነው፤ ሥራው ግን ወፍ ዐይቶ ክንፍ አስሮ ከኮረብታ መዝለል እንጂ ሳይንስ አልነበረም፤ ያሳተመው የክንፍ የማንሳት ኃይል ሠንጠረዥ የተሳሳተ ስለነበረ በሞተር አውሮፕላን ቀድመው የበረሩትን የራይት ወንድማማቾችን አሳስቷቸዋል፤ በመጨረሻ ክንፉ አየር ላይ ተሰብሮበት ሞተ፤ ሲሞትም «መሥዋዕትነት መከፈል አለበት» አለ፤ ሞተር ቢኖረው ኖሮ ራይቶችን ይቀድማቸው ነበር።

ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ግማሽ እውነት ነው፤ የቀረው ስህተት ነው። ዝም ብለን ልናልፈው ያልቻልነው ሊሊየንታል «ደፋር ዘላይ» ከተባለ የሠራው ሥራ በሙሉ ከዐይን ስለሚጠፋ ነው። ነገሩን በየተራ እንየው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መጀመሪያ የበረረ ሰው» የሚለው አይደለም። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ ቋሚ ክንፍና ጅራት ያለው ትንሽ ግላይደር (ያለ ሞተር በአየር ላይ የሚንሸራተት መብረሪያ) የሠራው በ1804 ነው፤ በ1853 ደግሞ ሰው የሚይዝ ግላይደር ሠርቶ አንድ አገልጋዩን በዮርክሻየር አንድ ሸለቆ አሻግሯል። ፈረንሳዊው ዣን ማሪ ለ ብሪ በ1856 በፈረስ በሚጎተት ግላይደር ከመሬት ተነሥቷል። ሊሊየንታል ያን ጊዜ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበር።

እሱን ከነዚህ የሚለየው መደጋገሙ ነው። ከ1891 እስከ 1896 ድረስ ከ2,000 ጊዜ በላይ በርሯል። ይህ ሁሉ ተደምሮ በአየር ላይ የቆየበት ጊዜ ግን 5 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሲካፈል ለአንዱ በረራ 9 ሴኮንድ ይደርሰዋል። ለነዚያ 9 ሴኮንዶች ሲል በየጊዜው 20 ኪሎ የሚመዝን ክንፍ ተሸክሞ አቀበቱን መውጣት ነበረበት። ሲወርድ ያየውን ያስተውላል፣ አንድ ነገር ያስተካክላል፣ ተመልሶ ይወጣል። ከ1893 ጀምሮም ኦቶማር አንሹትስን የመሳሰሉ ፎቶ አንሺዎች በረራውን በፎቶግራፍ ስላስቀሩለት ማንም «አልበረረም» ሊለው አልቻለም። እነ ኬይሊ እንዲህ ያለ መረጃ አልነበራቸውም።

ወደ ዋናው ስህተት እንምጣ። ጽሑፉ «ሳይንስ አልነበረም» ይላል። ሊሊየንታል በሜይ 23 ቀን 1848 አንክላም በምትባል የሰሜን ጀርመን ከተማ ተወለደ። ከታናሽ ወንድሙ ከጉስታፍ ጋር በከተማዋ ዙሪያ ባለው ረግረግ መስክ ላይ ሽመላዎች ሲነሡና ሲያርፉ እያየ ማደጉ እውነት ነው። (እነዚህ ሽመላዎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ወደ አፍሪካ ሲወርዱ ከሚከተሏቸው መንገዶች አንዱ የዓባይን ሸለቆ ይዞ በእኛ ሰማይ በኩል ያልፋል፤ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ወፍ አይደሉም።) ግን ዐይቶ አልዘለለም። በበርሊን የቴክኒክ አካዳሚ መሐንዲስነት ተምሮ፣ በ1874 ከወንድሙ ጋር ልኬት ጀመረ። የለካውን በመጽሐፍ ያሳተመው በ1889 ነው። ሰው የሚሸከም ክንፍ ይዞ የወጣው ደግሞ በ1891። ከመጀመሪያው ልኬት እስከ መጀመሪያው በረራ 17 ዓመት አለፈ። ችኩል ዘላይ 17 ዓመት አይጠብቅም።

የለካበት መሣሪያ እንዲህ ነው። በቆመ ምሰሶ ላይ አግድም የሚዞር ረጅም ክንድ አለ። በሁለቱ የክንዱ ጫፎች ላይ ትናንሽ የሙከራ ክንፎች ይታሰራሉ። በገመድ የተንጠለጠለ ክብደት ሲወርድ ምሰሶውን ያሽከረክረዋል። የሚወርደው ክብደት ስለሚታወቅ አየሩ ክንፎቹን ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚጎትት ይሰላል፤ ወደ ላይ የሚያነሣቸው ኃይል ደግሞ በሌላ ሚዛን ይለካል። የክንዱ ዙር ከ2 እስከ 7 ሜትር ዲያሜትር ነበረው፤ የክንፎቹ ስፋት ከ0.1 እስከ 0.5 ካሬ ሜትር። የክንፉን ማዕዘን ጥቂት ጥቂት እየለወጠ ይህንኑ ይደግማል።

ያገኘው ውጤት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ለበረራ እንደማይበጅ ነው። ወደ ላይ ጎበጥ ያለ ክንፍ በዚያው ፍጥነት እጅግ የበለጠ ያነሣል፤ ከነፋሱ ጋር ትይዩ ሆኖ ሲቀመጥ እንኳ ያነሣል፤ ጠፍጣፋው በዚያ ማዕዘን ምንም አያነሣም። ከሞከራቸው ሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘው የጉብታ መጠን የክንፉ ወርድ (ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለው ልክ) አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው፤ ወርዱ 1 ሜትር ለሆነ ክንፍ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

የመሣሪያው ጉድለትም አልተሰወረበትም። ክንዱ ሲዞር አየሩን አብሮ ያዞረዋል፤ ክንፉ ከጥቂት ዙር በኋላ ራሱ ባወከው አየር ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ልኬቱ ከእውነተኛው ያንሳል። ይህን ለማረም በገላጣ ሜዳ ላይ በተፈጥሮ ነፋስ ደግሞ ለካ። እዚያ ሌላ ነገር ገጠመው፤ ነፋሱ በአማካይ 3 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ያዘነበለ ሆኖ አገኘው፤ በሜዳ የተገኘው የማንሳት ኃይል ከክንዱ የበለጠበትንም ምክንያት በከፊል በዚህ አስረዳ። ውጤቱን ባንድ ሥዕል ላይ፣ የሚያነሣውን ኃይል ከሚጎትተው ኃይል ጋር በየማዕዘኑ እያስተያየ አሰፈረ። ይህ ሥዕል ዛሬም በአውሮፕላን ምሕንድስና «ፖላር» ተብሎ ይሠራበታል። ሳይንስ አልነበረም ማለት እንግዲህ ይከብዳል።

መዝለሉንም ቢሆን በደረጃ ነው ያደረገው። በ1891 መጀመሪያ በግቢው ውስጥ 1 ሜትር ከፍታ ካለው መዝለያ ሳንቃ ተነሣ፤ ከዚያ ሳንቃውን ከፍ አደረገው። ቀጥሎ በፖትስዳም አቅራቢያ ደርቪትስ ከምትባል ቦታ ባለ አነስተኛ ጉብታ ላይ 25 ሜትር ያህል ተንሸራተተ። በ1893 በሪኖ ኮረብታዎች 250 ሜትር ደረሰ። በ1894 ደግሞ በበርሊን ሊሽተርፌልደ ከሸክላ ፋብሪካ ትራፊ አፈር 15 ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ አስቆለለ። ጉብታው ዙሪያውን እኩል ቁልቁል ነው፤ ምክንያቱም ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ፊት ለፊት ገጥሞት መነሣት ይችላል። ከላይ ክንፎቹን የሚያሳድርበት ክፍል ነበረው። ይህ ሁሉ ለድፍረት የሚደረግ ዝግጅት አይደለም።

በዚያው በ1894 የሠራውን «መደበኛ ግላይደር» ቀረብ ብለን እንየው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 6.7 ሜትር፣ ስፋቱ 13 ካሬ ሜትር፣ ክብደቱ 20 ኪሎ ነው። ዋናው ማዕቀፍ ከአኻያ እንጨት የተሠራ ነው፤ አኻያ ቀላል ነው፣ ሲጎብጥም ቶሎ አይሰበርም። ከመሃሉ ወደ ጫፍ የሚሄዱት አጥንቶች እንደ ማራገቢያ ስለሚከፈቱና ስለሚታጠፉ ክንፉ እንደ ሌሊት ወፍ ክንፍ ተሰብስቦ በጋሪ ይጫናል። የጨርቁን ጉብታ የሚጠብቁት ተነቃይ የሆኑ ቀጫጭን የጎበጡ ዘንጎች ናቸው፤ ዘንጉን በመለወጥ ጉብታውን መለወጥ ይቻላል። ጨርቁ እንደ አቡጀዲ ያለ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ባዶውን ከተተወ ግን አየር ያሳልፋል፣ በእርጥበትም ይረግባል፤ ስለዚህ ኮሎዲየን በሚባል ቀለም መሰል ፈሳሽ ይቀባ ነበር። የኋላው አግድም ጅራት ወደ ላይ ብቻ እንዲከፈት ሆኖ ነው የታሰረው፤ ሲያርፍ ከኋላ የሚመጣው የአየር ግፊት አፍንጫውን መሬት ላይ እንዳይደፋው።

ይህን ግላይደር በ500 ማርክ ሸጧል፤ ቢያንስ ዘጠኝ ገዢ አግኝቷል። ከገዢዎቹ መካከል ሩሲያዊው የአየር ሳይንስ ሊቅ ኒኮላይ ዡኮቭስኪ፣ አሜሪካዊው የጋዜጣ ባለቤት ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስትና እንግሊዛዊው ፐርሲ ፒልቸር ይገኛሉ። ተመሳሳይ ሆኖ በተደጋጋሚ ተሠርቶ የተሸጠ የመጀመሪያው ሰው የሚያበር መሣሪያ ይህ ነው። ጽሑፉ ይህን በአንድ ቃል እንኳ አላነሣውም።

ሲነሣ የሚያደርገው እንዲህ ነው። ሰውና ክንፍ ባንድነት 100 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ለ13 ካሬ ሜትር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 7.7 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ለመሸከም ክንፉ በሴኮንድ ከ10 እስከ 11 ሜትር የሚሆን የአየር ፍጥነት ይፈልጋል። ሰው ክንፍ ተሸክሞ ያን ያህል አይሮጥም። ስለዚህ በሴኮንድ 5 ሜትር ያህል የሚነፍስ ነፋስ ይጠብቃል፤ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ቁልቁል ይሮጣል፤ ሁለቱ ፍጥነቶች ተደምረው ከመሬት ያነሡታል። ሲሮጥ የክንፉን የፊት ጠርዝ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ ቀድሞ ቀና ካደረገው ክንፉ ሳይፈጥን ይጎትተዋል። ሊያርፍ ሲል ክብደቱን ወደ ኋላ አድርጎ የፊቱን ጠርዝ ቀና ያደርጋል፤ ክንፉ ፍጥነቱን ይጨርስና በእግሩ ይቆማል። ይህን የማረፊያ ዘዴ አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ። ጸሐፊው «የሊሊየንታል ሠንጠረዥ ስህተት ሆኖ ራይቶችን አሳሳተ» ይላሉ። ይህ ወሬ መነሻ አለው። ዊልበርና ኦርቪል ራይት በ1901 የሠሩት ግላይደር ካሰሉት ማንሳት አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ስላነሣ መጀመሪያ ሠንጠረዡን ተጠራጠሩ። ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመውታል፤ ወንድማማቾቹ ግን አላቆሙም። በዚያው መጸው ዴይተን ውስጥ ትንሽ የነፋስ ዋሻ ሠርተው 200 የሚጠጉ የክንፍ ቅርጾችን ሞከሩ፤ ችግሩም ከሌላ ቦታ ተገኘ። አንደኛ፣ በቀመራቸው ውስጥ ያስገቡት የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የስሚተን የአየር ግፊት ቁጥር (አየር ሰሌዳን የሚገፋበትን ኃይል ለማስላት የሚያገለግለው) 0.005 ነበር። ይህ ቁጥር ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በመጻሕፍት ሁሉ የሚገለበጥ ነው፤ ራይቶች ከበረራዎቻቸው ያገኙት ትክክለኛው ቁጥር 0.0033 ገደማ ነው። ይህ ብቻውን ስሌታቸውን በግማሽ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ የሊሊየንታል ሠንጠረዥ የሚናገረው ስለ አንድ የተወሰነ ክንፍ ነው፤ ርዝመቱ የወርዱ ስድስት እጥፍ ተኩል ያህል የሆነ፣ ጫፉ የጠበበ፣ ጉብታው አንድ አሥራ ሁለተኛ የሆነ ክንፍ። የራይቶች ክንፍ ግን ርዝመቱ የወርዱ ሦስት እጥፍ ጥቂት የሚያልፍ፣ ጉብታውም ለጥ ያለ ነበር። አጭርና ሰፊ ክንፍ ከጫፎቹ አየር ስለሚያመልጥበት ከረጅሙ ያነሰ ያነሣል። ሠንጠረዡ ለራሱ ክንፍ ትክክል ሆኖ ሳለ ለሌላ ክንፍ ተወስዶ ነው።

ራይቶች ይህን ካወቁ በኋላ ሠንጠረዡን ከስህተት ነፃ አውጥተውታል። ዊልበር ከሞተ በኋላ በ1912 በታተመ ጽሑፉ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የበረራን ጥያቄ ከሞከሩት ሁሉ ሊሊየንታልን ያለ ጥርጥር ከፊት አስቀምጦታል። ተሳሳተ በተባለው ሰው ላይ ዋናው ከሳሽ ክሱን ካነሣ እኛ ልንቀጥለው አይገባም።

አሟሟቱ ላይ ጽሑፉ ይበልጥ ይስታል። «ክንፉ አየር ላይ ተሰብሮ» የሚለው የሊሊየንታል ታሪክ አይደለም። ምናልባት ከፒልቸር ታሪክ ጋር ተምታቶ ይሆናል፤ በ1899 በእንግሊዝ ግላይደሩ የጅራቱ መያዣ አየር ላይ ተሰብሮ ወድቆ የሞተው ፒልቸር ነው። ሊሊየንታል የሞተው ባልተሰበረ ክንፍ ነው።

ቀኑ ኦገስት 9 ቀን 1896፣ እሑድ ነው፤ በእኛ ነሐሴ 4 ቀን 1888፣ ከዓድዋ ድል 161 ቀን በኋላ። ቦታው ሽቶልን አጠገብ ያለው የጎለንበርግ ኮረብታ። ረዳቱ መካኒክ ፓውል ባይሊሽ አብሮት ነበር። ቀኑ ፀሐያማ ነበር፤ መሬቱ ሲሞቅ ሞቃት አየር እየተነሣ ድንገተኛ ወደ ላይ የሚገፋ ነፋስ ይፈጥራል። በአንዱ በረራ እንዲህ ያለ ነፋስ ከፊት መታው። ግላይደሩ አፍንጫውን ቀና አድርጎ አየር ላይ የቆመ ያህል ዘገየ። ክንፍ ከነፋሱ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 15 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ አየሩ የጀርባውን ጉብታ ተከትሎ መፍሰሱን ያቆማል፤ ማንሳቱ ባንዴ ይወድቃል፤ ይህ ስቶል የሚባለው ነው። ሊሊየንታል አፍንጫውን ለመድፋት እግሩን ወደ ፊት ወረወረ፤ አልደረሰለትም። ግላይደሩ ከ15 ሜትር ያህል ከፍታ በአፍንጫው ወረደ። የአንገት አጥንቱ ተሰበረ፤ በማግስቱ በባቡር በርሊን ተወስዶ በኤርንስት ፎን ቤርግማን ክሊኒክ ሞተ። 48 ዓመቱ ነበር።

የማረፊያ ዘዴውን አንባቢ ያስታውሳል። አፍንጫ ቀና አድርጎ ፍጥነትን መጨረስ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ፍሬን ነው፤ 15 ሜትር ላይ ገዳይ ነው። ሊሊየንታል ስቶልን በየማረፊያው ይጠቀምበት ነበር፤ ባልጠራው ቦታ ሲመጣ የሚያወጣው መሪ ግን አልነበረውም።

ለምን እንዳልነበረው ሲታይ ችግሩ ያለው በአያያዙ ላይ ነው። ክንዶቹ በማዕቀፉ ውስጥ ባሉ ትራስ ያላቸው መደገፊያዎች ላይ ያርፋሉ፤ ትከሻውና ደረቱ ከክንፉ ጋር አንድ ይሆናሉ። የሚወዛወዘው ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከክብደቱ ጥቂቱን ብቻ፣ እሱንም ጥቂት ርቀት ብቻ ነው ማንቀሳቀስ የሚችለው። ዛሬ በሃንግ ግላይደር የሚበር ሰው በአንድ ነጥብ ተንጠልጥሎ መያዣውን በእጁ ስለሚገፋ መላ አካሉ ይሠራለታል። ሊሊየንታል ችግሩን ያውቀው ነበር። በ1895 ሁለት ክንፍ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ የሠራው ለዚሁ ነው፤ ስፋቱ ሳይቀንስ ርዝመቱ ያጥራል፣ አጭር ክንፍ ደግሞ በአካል ክብደት ለማዘንበል ይቀላል። በ1894 ከደረሰበት ሌላ የመውደቅ አደጋ በፊትም ከፊት ለፊቱ የአኻያ ቀለበት መከላከያ አስሮ ነበር፤ በዚያ ውድቀት ቀለበቱ ተሰባብሮ መሬት ውስጥ ሲሰካ እሱ በቀላል ቁስል ተርፏል።

የጀርመን የአየርና ኅዋ ምርምር ማዕከል በ2016 የመደበኛውን ግላይደር ሙሉ ቅጂ በኔዘርላንድ በሚገኝ ትልቅ የነፋስ ዋሻ ውስጥ ሞክሮታል። ግላይደሩ በፊትና በኋላ ሚዛኑን የሚጠብቅ ሆኖ ተገኘ፤ በወረደ በእያንዳንዱ ሜትርም 3.6 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይጓዛል። ይህ ከሪኖው 250 ሜትር ጋር ይገጥማል፦ ከ60 ሜትር ከፍታ የሚነሣ በጸጥታ አየር 216 ሜትር ይሄዳል፤ የቀረውን ቁልቁለቱን ገፍቶ ወደ ላይ የሚነሣው ነፋስ ይሞላዋል። መሣሪያው ቅጥ ያጣ አልነበረም።

«መሥዋዕትነት መከፈል አለበት» የሚለው ቃል በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የተቀረጸው ግን ከሞተ አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ ስለሆነ የመጨረሻ ቃሉ ለመሆኑ ምስክር አድርጎ ማቅረብ አይገባም።

የቀረው ሞተሩ ነው። «ሞተር ቢኖረው ኖሮ» ይላሉ ጸሐፊው። ነበረው እኮ! ሊሊየንታል የማይፈነዳ የእንፋሎት ቦይለር ፈልስፎ በበርሊን ፋብሪካ የከፈተ ሰው ነው (ከ1890 ጀምሮ ከትርፉ 25 በመቶውን ለሠራተኞቹ ያካፍል ነበር፤ ይህም ሊነገርለት ይገባል)። ከ1893 ጀምሮ በታመቀ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ፣ 2 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ትንሽ ሞተር ሠርቷል። ሞተሩን ያሰበው ግን እንደ ወፍ የክንፉን ጫፎች ለማርገብገብ ነበር እንጂ ፕሮፔለር ለማዞር አይደለም። ወፎች ላይ ጥብቅ ብሎ የቀረው እዚህ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ሊነቅፉት ከፈለጉ የሚነቀፈው ይህ ነበር።

ሞተሩ ቢሠራለትስ? ክብደቱ ይጨምራል፤ የሚያስፈልገው ፍጥነት ይጨምራል፤ እግር በማወዛወዝ የሚገኘው መሪ ግን ያው ነው፤ ከጠቅላላው ክብደት አንጻር እንዲያውም ይቀንሳል። ራይቶች የሊሊየንታልን ሞት ሰምተው ነው ነገሩን አጥብቀው ማሰብ የጀመሩት፤ ከሞቱም የተረዱት የአካል ክብደት ለመሪነት እንደማይበቃ ነው። ስለዚህ ክንፉን ከጫፍ ማጠማዘዝን፣ ከፊት የሚያዘነብል አግድም መሪን፣ ከኋላ የሚዞር ቀጥ ያለ መሪን አንድ ላይ አድርገው በ1902 ያለ ሞተር ደጋግመው በረሩበት። ሞተሩን የጫኑት ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1903 ዲሴምበር።